ልጅ ዓይን አለው

የገበሬ ልጅ እርሻን ማን አስተማረው? ቁጭ አድርጎ ያስጠናው የለም። አባቱ ሲያርስ አየ። ከጭቃ በሬ ሠርቶ ተጫወተ። ሲጎረምስ እርፍ ጨበጠ። ሴቷም ልጅ እንዲሁ ናት። እናቷ ሊጡን ከምጣዱ ዳር ወደ መሃል እያዞረች ስታፈስ አየች። ኋላ ራሷ ጋገረች። እንግዲህ ማየት ትልቅ ትምህርት ቤት ነው።

ነገር ግን ልጅ የሚያየው መልካሙን ብቻ አይደለም። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች ይባል የለ!

በአሜሪካ አገር አልበርት ባንዱራ የሚባል ምሁር ነበር። የሰውን ጠባይ ያጠና ነበር። እሱና ባልደረቦቹ በ1961 በፈረንጆች አቆጣጠር አንድ ጥናት አወጡ። 72 ሕፃናትን በሦስት ቦታ ከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ 24 ሕፃናት፣ አንድ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ አዩ። ሁለተኛዎቹ 24 ያዩት ሰው አሻንጉሊቱን አልነካም። የቀሩት 24 ምንም አላዩም። ኋላ ሁሉም በየተራ አሻንጉሊቱ ካለበት ክፍል ገቡ። ሲደበደብ ያዩት ልጆች ከሌሎቹ ይበልጥ መቱት። አመታቱንም፣ ንግግሩንም እንዳዩትና እንደሰሙት ደገሙት። ምቱ ብሎ ያዘዛቸው ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አባት ተናዶ እናትን ይመታል። ልጅ ጥግ ይዞ ያያል። በማግስቱ እኅቱን ይመታል። አባትም «ይህን ክፉ ጠባይ ከየት አመጣኸው?» ብሎ ይገርፈዋል። ልጁ ከግርፋቱ ምን ተማረ? የተናደደ ሰው ይመታል ማለትን ተማረ።

ያየ ልጅ ሁሉ ያየውን ይሠራል ማለታችን አይደለም። ቢሆንም ምክራችን አንድ መንገድ፣ ሥራችን ሌላ መንገድ ከሄደ፣ ልጅ ሥራችንን ይከተላል። እኛም የዚህ ገጽ አዘጋጆች ከዚህ ነጻ አይደለንም። «አትሳደብ» እያልን ስንሳደብ ልጆቻችን ሰምተውናል።

መልካሙም እኮ በዓይን ይገባል። አባት ተናዶ እጁን ቢሰበስብ፣ ልጅ ያያል። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» ቢል፣ ልጅ ይሰማል። ዛሬ ማታ ይህን ወረቀት ይዛችሁ ፊደል ስትቆጥሩም ያያችኋል። ነገ ደብተሩን ያነሣ ይሆናል።

ተወያዩበት፦ ልጆቻችሁ ዛሬ ከእናንተ ምን አዩ?