“ስንተኛ ወጣህ?” ብቻ አንበል



ባለፈው እሑድ ስንሰበሰብ አንዷ እህታችን የልጇን ፎቶ አሳየችን። ትታው ስትመጣ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ነው። “ወፍሮልኛል አይደል?” አለች ፈገግ ብላ። ትንሽ ቆይታ ግን ድምጿ ዝቅ አለ። ትንሽ ሲሮጥ ያለከልካል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ውጤቱም ወርዷል። አያቱ “ይጥና” ብለው ከግቢ እንዳይወጣ ከልክለውታል።

ይሄ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው። አጠገባቸው ስለሌለን በብር ልንክሳቸው እንሞክራለን። “ምንም እንዳይጎድልበት” እያልን የምንልከው ብር ብስኩት፣ ቺፕስና ለስላሳ ይሆናል፤ የላክነው ስልክ ደግሞ ኳሱን ይተካል። አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ወደ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። አንድ ስኒ ሻይ ላይ ዘጠኝ ማንኪያ ስኳር የምትጨምር እናት አለች?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለዚህ ጂም አያስፈልግም። ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ የጨርቅ ኳስ፣ ትምህርት ቤት በእግር መሄድ፣ ውሃ መቅዳትም ቢሆን ይቆጠራል።

“ጨዋታ ጥናቱን ያበላሽበታል” የሚለው ፍርሃት ይገባናል። ነገር ግን በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ለስፖርት የተሰጠ ሰዓት ውጤት እንደማይቀንስ፣ እንዲያውም ልጆች ከተንቀሳቀሱ በኋላ ትኩረታቸው እንደሚሻሻል አሳይተዋል። ተጫውቶ የደከመ ልጅ እንቅልፉም ጥሩ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። እዚህ ላይ እኛም ጥፋት አለብን፤ ማዳም እስክትተኛ ጠብቀን በእኩለ ሌሊት እየደወልን ከእንቅልፉ እናስነሳዋለን። ናፍቆት ነው፣ እናውቃለን። ግን ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው እሱ ነው።

አንድ ነገር እንጠንቀቅ። ውፍረት ልጅን ሰነፍ ተማሪ አያደርገውም። ይልቅ ቅስሙን የሚሰብረውና ትምህርት ቤት የሚያስጠላው “ዱባ” መባሉ ነው። ስለዚህ በስልክ “ወፈርክ” እያልን አናሸማቅቀው፣ ምግብም አናስከልክለው። የአያት ቤት ሽሮና ምስር ምንም ጥፋት የለበትም፤ የሚቀነሰው ለስላሳውና ከረሜላው ነው። ልጇ የከሳባት እናት ደግሞ ስለ ስፖርት ከማሰቧ በፊት ቁርስ በልቶ መሄዱን ታረጋግጥ።

እህቶች፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሦስት ነገር እንሞክር። አንደኛ፣ ብር ስንልክ ለእማማ “ከዚህ ላይ ኳስ ወይም ገመድ ይገዛለት፤ ከትምህርት ቤት መልስ አንድ ሰዓት ይጫወት” እንበላቸው። ሁለተኛ፣ የምንደውልበትን ሰዓት ከቻልን እናስተካክል፤ ካልቻልን የድምፅ መልእክት እንተውለት፣ ጠዋት ይሰማዋል። ሦስተኛ፣ “ስንተኛ ወጣህ?” ከማለታችን በፊት “ዛሬ ከማን ጋር ምን ተጫወትክ?” እንበለው።

በኮንትራት የታሰርነው እኛ ነን። ልጆቻችን ይሩጡ።

የዝግጅት ክፍሉ