የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ የታተመ ካርቦን በማቅለሚያ ፍሳሽ ውስጥ
ይህ እትም ከጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካዎች የሚወጣውንና ባክቴሪያ በቀላሉ የማይፈጨውን ባለ ቀለም ፍሳሽ በሕትመት በተሠሩ የካርቦን ኤሌክትሮዶች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው በሚገባባቸውና በሚወጣባቸው አስተላላፊዎች፣ ስለ ማከም ይመረምራል። ኤሌክትሮ-ፌንተን በተባለው ዘዴ፣ በውሃው የሟሟው ኦክስጅን ካቶድ በሚባለው አሉታዊ ኤሌክትሮድ ላይ ሁለት ኤሌክትሮኖች ተቀብሎ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህም ከብረት አዮን ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሲል ራዲካልን፣ ዕድሜው እጅግ አጭር ቢሆንም የቀለሙን ሞለኪውል የሚሰባብረውን ቅንጣት፣ ያስገኛል። ሕትመቱ የካርቦኑን ቀዳዳዎች ስፋትና አቀማመጥ አስቀድሞ ለመወሰን ስለሚያስችል፣ ውሃውና ኦክስጅኑ ከካቶዱ ገጽ ጋር የሚገናኙበት መንገድ ለአጋጣሚ አይተውም። ይሁን እንጂ የቀለሙ መጥፋት ብቻውን (ለዓይን የቱንም ያህል ቢያረካ) የብክለቱን መወገድ ስለማያረጋግጥ፣ በፍሳሹ የቀረው ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን መለካት አለበት፤ ዘዴው በደንብ የሚሠራው ፒኤች 3 ገደማ በሆነ አሲዳማ ውሃ ውስጥ መሆኑም ወጪውን ያከብደዋል።