አድራሻችን የት ሄደ?

ለዛሬው ጨዋታችን አንድ ጥያቄ ላስቀድም። አዲስ አበባ ሳላችሁ ቤታችሁን ለእንግዳ እንዴት ነበር የምታመለክቱት? የመንገድ ስም ጠርቶ፣ የቤት ቁጥር ጨምሮ ያስረዳ ካለ እጁን ያውጣ! እኛ እንደሆን «ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ፣ ሥጋ ቤቱን አልፈህ፣ ፓስቲ የምትጠብሰውን ሴትዮ ብትጠይቃት ታሳይሃለች» ነበር የምንለው። እንግዳውም አይጠፋም። የቀበሌው ቁጥር በር ላይ ተለጥፎ ይኖራል እንጂ፣ ትዝ የሚለው መታወቂያ ለሚያሳድስ ሰው ብቻ ነበር።

እንግዲህ ምግብ ቤቱና ትምህርት ቤቱ ለኛ መብያና መማሪያ ብቻ አልነበሩም፤ አድራሻችንም ነበሩ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እዚህ ያደጉ ልጆቻችሁም እንዲከተሉን።)

ከትምህርት ቤት እንጀምር። ብዙዎቻችን ፊደል የቆጠርነው የኔታ ዘንድ ነው። ከቤት የያዝናትን ዱካ ይዘን፣ ሀሁን ጨርሰን ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፤ የበረታው ደግሞ ዳዊት ይደግማል። የኔታ አለንጋቸውን ከጎናቸው አጋድመው ያንቀላፉ ይመስላሉ። ዳሩ ግን ሠላሳ ልጅ ባንድ ጊዜ ሲጮህ አንዱ የሳታትን ፊደል ጆሯቸው ለይቶ ያወጣታል።

ከዚያ ወደ አስኳላ ነው። በ1908 የተከፈተው ዳግማዊ ምኒልክ የአገሪቱ የመጀመሪያው የመንግሥት ዘመናዊ ትምህርት ቤት ነበር። በ1925 ተፈሪ መኮንን፣ በ1931 ደግሞ ለሴት ልጆች እቴጌ መነን ተከተሉ። ደርግ መጣና ተፈሪ መኮንን «እንጦጦ»፣ እቴጌ መነን «የካቲት 12» ተባሉ። ስለዚህ ዕድሜውን የሚደብቅ ሰው ካጋጠማችሁ ምንም አትጨነቁ፤ የተማረበትን ትምህርት ቤት ስም ብቻ ጠይቁት!

እነዚህ ታላላቆቹ ናቸው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ግን ታሪኩ ያለው በሩ ላይ ነው። በስኒ የሚሰፈረው ቆሎ፣ በጋዜጣ የሚጠቀለለው ቦምቦሊኖ፣ በስሙኒ ከሦስት ጓደኛ ጋር የምንካፈለው ሸንኮራ። ደወሉ ተደውሎ በሩ ከተዘጋ በኋላ የደረሰ ልጅ፣ ዘበኛውን የሚለምነው በገዛው ቆሎ ነበር።

ወደ ምግብ ቤቱ እንሻገር። ፒያሳን የሚያውቅ ሁሉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተከፈተውን ጣይቱ ሆቴልን ያውቃል። የጣልያን ምግብ የሚሠራበትን ካስቴሊን በደጁ ያለፈው ብዙ ነው፤ የገባው ግን ጥቂት። የኤንሪኮ ኬክ ደግሞ ዘግይቶ ለተነሣ ሰው አይደርስም ነበር። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ ከ1936 እስከ 1941 የገዛን ጣልያን የተወልን ነው፤ ካዛንቺስም ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራበት ከነበረው ድርጅት ስም የመጣ ነው። ባለቤቱን አባረን ስሙን አስቀረነው።

እኔ የማነሣው ግን ትንንሾቹን ነው፤ ስማቸው በመጽሐፍ የማይገኘውን። ጠረጴዛው ላይ አበባ ያለበት ላስቲክ የተነጠፈባቸውን፣ ክትፎ በደመወዝ ሰሞን፣ ሽሮ በወሩ መጨረሻ የሚበላባቸውን ቤቶች። ባለቤቲቱ ከባንኮኒው ሥር የዱቤ ደብተር አላት። በዚያ ደብተር ላይ ስሙ ሰፍሮ፣ ወር እየተሻገረ በልቶ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ስንቱ ነው! ዛሬ እዚህ አገር ዶክተር ወይም ኢንጂነር ተብሎ የሚጠራ ወንድማችን ዲግሪውን ፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። ያቺን ደብተር ግን ማን ሰቀላት?

ከዚያስ ምን ሆነ? በጥር ወር 2015 ጣይቱ ሆቴል እሳት ተነሣበትና አዳራሹ ወደመ። በ2024 ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙው የፒያሳ ክፍል፣ ዶሮ ማነቂያ ጭምር፣ ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት ካዛንቺስ ተከተለ። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ አዳዲስ ሰፈሮች ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ የተመለሰ አንድ ወዳጄ፣ «ምኒልክ ፈረሳቸው ላይ ባይኖሩ ኖሮ ፒያሳ መቆሜን አላውቅም ነበር» አለኝ። ለታክሲ ነጂው የድሮውን ምልክት ቢነግረው፣ ልጁ በትሕትና «አባባ፣ በስልኬ ካርታ ላይ የለም» አለው።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ትዝታ ጣሪያ አይጠግንም። እነዚያ ቤቶች ክረምት ሲገባ ያፈሱ ነበር፤ አንዱን መጸዳጃ ስንት ቤተሰብ ይጋራው እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። እኛ እዚህ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ተቀምጠን፣ «ለኛ ትዝታ ሲባል እናንተ በሚያፈስ ቤት ኑሩ» ብንል ግፍ ነው። ነገር ግን ቤት ሲፈርስ ግድግዳ ብቻ አይደለም የሚፈርሰው። እድርተኛው ይበተናል፤ የቡና ጠሪዋ ድምፅ አይሰማም፤ ዱቤ የምትሰጠው ባለ ምግብ ቤት ደንበኛዎቿን አታገኝም፤ ልጁ ከለመደው ትምህርት ቤት ይለያል። አዲስ ቤት ቁልፍ ተሰጥቶ ይገባበታል፤ ጎረቤት ግን በቁልፍ አይሰጥም።

ይህን ነገር ለአገር ቤት ብቻ ትተን ደግሞ አንለፈው። በዚህ በዋሽንግተን ማማ ደስታ ምግብ ቤት በ1978 ሲከፈት፣ በከተማው ከኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ቀዳሚው ነበር። ከዚያም በአዳምስ ሞርጋን በ18ኛው ጎዳና ቀይ ባሕር፣ መስከረም እየተባሉ መጡ። አዲስ የመጣ ሰው ሥራ የሚጠይቀው፣ የሚከራይ ክፍል የሚያገኘው፣ የአገር ቤት ወሬ የሚሰማው እነዚህ ቤቶች ውስጥ ነው። አድራሻ የሌለው ሰው «እዚያ ጠይቁኝ» ይል ነበር። ዛሬ ሦስቱም የሉም። ኪራዩ ናረ፤ እኛም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድርያ ራቅን። በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ቅዳሜና እሑድ ሀሁ የሚያስቆጥሩት መምህራንም የኛ የኔታዎች ናቸው። ልጆቻችን ነገ «የሰፈሬ ትምህርት ቤት» ብለው የሚያስታውሱት ያንን ክፍል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሥራው ትልቅ አይደለም። አልበም ውስጥ ያለውን የክፍል ፎቶግራፍ አውጡና ከጀርባው የሁሉንም ስም፣ ዓመቱንና የመምህሩን ስም ጻፉበት፤ እናንተ ካልጻፋችሁት ሌላ የሚያውቀው የለም። ከተነሣው ሰፈር የወጣ ጎረቤት ካላችሁ ስልክ ደውሉና «አዲሱ ቦታ እንዴት ነው? እድሩስ?» በሉት፤ የሚጎድለው ካለም እጃችሁን ዘርጉ። ዱቤ ያበላቻችሁ ሴት በሕይወት ካለች፣ ዛሬ አድራሻዋን አፈላልጉ። እዚህም፣ ይህን ጋዜጣ ያነሣችሁበትን ምግብ ቤት ባለቤት ከመውጣታችሁ በፊት ስሟን ጠይቁ፤ ከየት ሰፈር እንደመጣችም አጫውቱዋት። ማን ያውቃል፣ ከአንድ አጥር ጀርባ ያደጋችሁ ትሆናላችሁ!