ሞተር ብስክሌት በብርድ ጠዋት አልነሣም ሲል

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሞተር ብስክሌቱ ብረት እጅ ያቃጥላል።

በዚህ ሰዓት አንዲት የጤና ሠራተኛ የክትባት ሣጥኗን ጭና ልትነሣ ነው እንበል። መንገዱ ሩቅ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከዛፍ ሥር ይጠብቋታል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ፀሐይ ስትወጣ የሣጥኑ በረዶ ይቀልጣል። ሞተሩ ግን እምቢ አለ። ትረግጠዋለች፤ ያስላል፤ ዝም ይላል።

ምን ነካው? ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ፈሳሽ እንደሆነ አይነድም። የሚነደው ተንኖ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ነው። የታጠበ ልብስ በብርድ ቀን ቶሎ አይደርቅም አይደል? ቤንዚንም በብርድ ቶሎ አይተንም። ስለዚህ ቀዝቃዛ ሞተር ከወትሮው የበለጠ ቤንዚን ይፈልጋል። ቾክ የተሠራው ለዚህ ነው። ቾክ ሲሳብ አየሩ ይቀንሳል፤ ቤንዚኑ ይበዛል። አዳዲስ ከሆኑት ሞተሮች ካርቡራተርም ቾክም የሌላቸው አሉ። ዛሬ የምንነጋገረው ካርቡራተር ስላላቸው ነው።

መጀመሪያ የቤንዚኑን መክፈቻ እዩ። ማታ ዘግታችሁት ይሆናል። ይህን ረስቶ ግማሽ ሰዓት ሲረግጥ የሚያረፍድ ሰው ሞልቷል! ቀጥሎ ማርሹን አውጡ። ቾኩን ሳቡ። ቁልፉን ሳትከፍቱ ሁለት ጊዜ በቀስታ ርገጡ። ከዚያ ቁልፉን ክፈቱና በደንብ ርገጡ። የቤንዚን መስጫውን እጀታ አትጠምዝዙ። እሱ ከተከፈተ ቾኩ ሥራውን አይሠራም።

ሲነሣ ቾኩን ቀስ በቀስ መልሱ። በደጋ አገር ደግሞ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይጎድላል። አየር ሲጎድል ቤንዚኑ በራሱ ይበዛል። ስለዚህ በደጋ ቾክ ረጅም ጊዜ ተስቦ መቆየት የለበትም፤ ሞተሩን ያፍነዋል።

አሥር ጊዜ ረግጣችሁ ካልተነሣ እግራችሁን አሳርፉ። ኃይል አይደለም የጎደለው። ካንዴላውን ፍቱና እዩት። ካንዴላ ይናገራል።

ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነው። መክፈቻው፣ ቱቦው ወይም የካርቡራተሩ ቀጭን ቀዳዳ ተደፍኗል። ሞተሩ ሳምንታት ሳይነዳ ከቆመ ቤንዚኑ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ደርቆ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ይህ በጣም የተለመደ ነው።

ርጥብ ሆኖ ቤንዚን ከሸተተ ደግሞ በዝቶበታል፤ ወይም እሳቱ ደካማ ነው። ካንዴላውን ጥረጉና አድርቁ። መልሳችሁ ግጠሙ። አሁን ቾኩን መልሱት፤ እጀታውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዛችሁ ደጋግማችሁ ርገጡ። አየር ገብቶ ትርፉን ቤንዚን ያስወጣዋል።

ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ የአየር ፊልትሮውን እዩ። በገጠር አቧራ ፊልትሮ ቶሎ ይደፈናል። ጤነኛ ካንዴላ ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። በጫፉ ያለውን ክፍተትም እዩ። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። የእናንተን ሞተር ልክ መጽሐፉ ላይ አንብቡ።

እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ኮፍያው ላይ ሰኩት። ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩት። ከተፈታበት ቀዳዳ ግን አርቁት፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ትነት ይቀጣጠላል። በእጃችሁ ጎማውን እንጂ ብረቱን አትያዙ። ቁልፉን ከፍታችሁ ርገጡ። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ጥሩ ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ካንዴላውን ለውጡ።

ስለ ቤንዚኑም እናስብ። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ላምባ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ላምባ ከቤንዚን ይልቅ ለመተን ይከብደዋል። ቀን በሞቀ ሞተር ይነዳል፤ ጠዋት ግን አይነሣም። ውኃም ሊኖርበት ይችላል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከካርቡራተሩ ሥር ይጠራቀማል። እዚያ ማፍሰሻ ብሎን አለች። ላላ አድርጋችሁ በብርጭቆ ተቀበሉ። ከሥር እንደ ዶቃ የሚንከባለል ነገር ካያችሁ ውኃ ነው።

ዘይትም በብርድ ይወፍራል። ዕቃው ላይ 20W-50 ወይም 10W-40 የሚል ጽሑፍ አለ። የመጀመሪያው ቁጥር ሲያንስ ዘይቱ በብርድ ቀጠን ይላል። ከመቀየራችሁ በፊት ግን የሞተሩ መጽሐፍ ምን እንደሚፈቅድ እዩ። ባትሪም በብርድ ይደክማል። በቁልፍ ማስነሻ እያንጫረሩ ከመጨረስ በእግር መርገጥ ይሻላል።

አሁን ዋናው ነገር። ከሞተሩ ሥር ፍም የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ እንዲሞቅ ብለው። ኧረ ተዉ! አንዲት ጠብታ ቤንዚን ከፈሰሰች ሞተሩም ቤቱም ይነዳል። ሌሎች ደግሞ ሌባ ፈርተው ሞተሩን ከሚተኙበት ክፍል ያሳድራሉ። ጠዋት በሩ እንደተዘጋ እዚያው ያስነሡታል። ከማርሚታው የሚወጣው ጢስ በዝግ ቤት እንደ ከሰል ጢስ ይገድላል። የሚገድለው መርዝ አይታይም፤ አይሸትም። ልጆች በእንቅልፍ ላይ እንዳሉ ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ብርድም ቢሆን ሞተሩን መጀመሪያ ግፉና ከደጅ አውጡት። ከዚያ አስነሡ።

ሁሉንም ሞክራችሁ እምቢ ካለ፣ ስትረግጡም እግራችሁ ያለ ትግል ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ፣ ነገሩ ቫልቭ ወይም ፒስቶን ዘንድ ነው። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። ስትሄዱ “አይነሣም” ብቻ አትበሉት። ካንዴላው ደረቅ ነበር ወይስ ርጥብ? ብልጭታው ምን ዓይነት ነበር? በወረቀት ጻፉና ስጡት።