ስኳሩ ሲነሣ በሩ ይዘገያል

ስኳር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጣዕሙንና ኃይል ሰጪነቱን ነው። ሕዋሳት ግን ስኳርን በፕሮቲኖቻቸው ላይ እንደ ቅርንጫፍ ይተክሉታል። ይህ ቅርንጫፍ ጌጥ ብቻ ነውን? ጥያቄው የባዮሎጂ ቢመስልም፣ በእኛ እምነት የፊዚክስም ነው።

በነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ ቮልቴጅ ሲለወጥ የሚከፈቱ፣ ቻነል የሚባሉ የፖታሲየም በሮች አሉ። ነርቩ መልእክት ሲያስተላልፍ ፖታሲየምን ወደ ውጭ በማሳለፍ ወደ ዕረፍቱ ይመልሱታል። ሆጅኪንና ሀክስሊ እ.ኤ.አ. በ1952 ይህን ሂደት በስኩዊድ ነርቭ አጥንተው በሒሳብ ቀመር ገልጸውታል። በዕረፍት ላይ ባለ ነርቭ የውስጡ ቮልቴጅ ከውጩ በ70 ሚሊቮልት ገደማ ያንሳል። የሽፋኑ ውፍረት 5 ናኖሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የኤሌክትሪክ መስኩ በሜትር 14 ሚሊዮን ቮልት ይደርሳል። በደረቅ አየር ውስጥ ብልጭታ ለመፍጠር የሚበቃው ግን 3 ሚሊዮን ያህል ነው።

ስኳሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በቅርንጫፉ ጫፍ የሚገኘው ሲያሊክ አሲድ አሉታዊ ቻርጅ አለው። ቻርጁ ከሽፋኑ ውጭ ስለሚሆን፣ በበሩ አካባቢ በውስጥና በውጭ መካከል ያለውን ልዩነት ያጠብበዋል፤ በሩም በአነስተኛ የቮልቴጅ ለውጥ ይከፈታል። ስኳሩ ሲነሣ ግን የበለጠ ለውጥ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት፣ ኬቪ 1.1 የተባለውን በር የስኳር ቅርንጫፍን አሟልተው መሥራት በማይችሉ የሀምስተር ሕዋሳት ውስጥ መርምሮ ይህንኑ አሳይቷል፤ በሩ የሚከፈትበት ቮልቴጅ ወደ አዎንታዊው አቅጣጫ ተገፍቷል፣ አከፋፈቱም ዘግይቷል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር በቻርጅ ብቻ አይገለጥም። ሼከር የተባለው የፍራፍሬ ዝንብ በር ያለ ስኳርም ይሠራል፤ ነገር ግን ፈጥኖ ይፈርሳል። ይህን ለመረዳት ሕዋስ ፕሮቲንን እንዴት እንደሚሠራና እንደሚያስወግድ ማወቅ ያሻል። እዚህ ላይ የፊዚክስ ሊቁ ያለ ባዮሎጂ ሊቁ አንድ እርምጃ አይራመድም።

እንግዲህ የፊዚክስ ተማሪ ባዮሎጂን የሽምደዳ ትምህርት፣ የባዮሎጂ ተማሪም ፊዚክስን የደረቅ ቀመር ክምር አድርጎ የሚያይበት አጥር ሊፈርስ ይገባል። የሁለቱ ክፍሎች ተማሪዎች አንድ የመመረቂያ ጥናት በጋራ ቢሠሩ መልካም ጅምር ይሆናል። ውድ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልግም፤ ከላይ የቀረበው የመስክ ስሌት ከወረቀትና ከእርሳስ በቀር የጠየቀው ነገር የለምና።