ቢላዋ በስለቱ እንጂ በብልጭታው አይመዘንም

በበዓል ሰሞን ወደ ገበያ የወረደ ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር ነው። ገዢው ከውጭ አገር የመጣውን የሚያብረቀርቅ ሰንጢ አንሥቶ ከፈት ከደን ያደርግና የተጠየቀውን ዋጋ ብዙ ሳይከራከር ይከፍላል፤ ከአገራችን ቀጥቃጭ ፊት ሲደርስ ግን ጥቁሩን ካራ ገልበጥ አድርጎ እንኳ ሳያይ ዋጋውን በግማሽ ይቆርጣል። ተምረናል የምንለው ወጣቶችም ከዚሁ ገዢ የተለየን አይደለንም፤ ስለ ብዙ ነገር ለመፍረድ ስንቸኩል ደኅናውን ብረት ከመጥፎው ለይተን አናውቅም።

ስለዚህ አስቀድሞ መመርመሪያውን ማወቅ ይገባል። የሚታጠፍ ሰንጢ የሚገዛ ሰው፥ ሲከፈት ስለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳይወላወል፥ ሲታጠፍም ጫፉ ከእጀታው ውስጥ ገብቶ ጣት እንዳይነካ፥ ሞላውም አጥብቆ እንዲይዝ ይመልከት። ሰንጢም ሆነ ካራ ስለቱን ወደ ላይ አድርገው በብርሃን ሲያዩት፥ በደንብ የተሳለው ጠርዝ አያብለጨልጭም፤ የዶለዶመው ወይም የተሸረፈው ስፍራ ግን ነጭ ሆኖ ይታያል። ከጠርዙ አጠገብ ሰማያዊ ቀለም ካለ፥ በመሳያ መንኰራኩር ሲሳል ከመጠን በላይ ግሎ ጥንካሬውን ያጣ መሆኑን ያስረዳል።

ዝገትን የሚፈራ ገዢ ደግሞ ይህን ያስተውል። የማይዝገው የቢላዋ ብረት ክሮሚየም የተጨመረበት ሲሆን፥ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሬርሊ የሠራው በ1913 በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። ከዚያ በፊት አያቶቻችንም ፈረንጆቹም ሲገለገሉ የኖሩት በሚዝገው ነበር። የእኛ ቀጥቃጭ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የሚያወጣው ካራም እንዲሁ ይዝጋል፤ ነገር ግን ከሥራ በኋላ ተጠርጎ ደርቆ ዘይት ቢነካው ብዙ ዘመን ያገለግላል፥ ሲሳልም አያስቸግርም። እንግዲህ ዝገት የባለቤቱ ስንፍና እንጂ የሠሪው ነውር አይደለም።

ይህን ስንል የቀጥቃጩን ጉድለት ለመሸፈን አይደለም። የጋለውን ብረት ውኃ ውስጥ ነክሮ ካጠነከረው በኋላ መልሶ በለዘብታ ካላሞቀው፥ ስለቱ እንደ ሸክላ ይሸረፋል፤ መጀመሪያውንም በሚገባ ካላጋለው ቶሎ ይዶለዱማል። እንዲህ ያለ ካራ በገበያ ሞልቷል። ነገር ግን ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ጊዜና ከሰል የቀማው ማን ነው? ዋጋውን በግማሽ የቆረጠው ገዢ አይደለምን?

በሼፊልድ በ1624 የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር በሕግ ሲቋቋም፥ እያንዳንዱ ባለሙያ በሥራው ላይ የሚያትመው የራሱ ምልክት እንዲመዘገብ ተደርጎ ነበር። የእኛም ባለ እጆች በማኅበር ተሰብስበው ምልክታቸውን በካራቸው ላይ ቢቀርጹ፥ ደኅናው ሠሪ ከመጥፎው ይለያል፤ ገዢውም ማንን እንደሚያመሰግንና ማንን እንደሚወቅስ ያውቃል።

ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅ በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጅ ስድብን ይከለክላል፤ ክብርን የሚሰጠው ግን ሥራውን መርምሮ የሚገባውን ዋጋ የሚከፍል ገዢ ነው። ስለዚህ በሚመጣው በዓል ከቀጥቃጩ ፊት ስንቆም፥ ዋጋ ከመቁረጣችን በፊት ካራውን ወደ ብርሃን አንሥተን እንየው እንላለን።