ፋርማሲው ነፍሰ ጡሯን ለምን ወደ ሐኪም ይልካታል?

ከአውሮፓውያኑ 2024 መጀመሪያ አንስቶ፣ የለንደኗን ካምደን ጨምሮ በእንግሊዝ የሚገኙ በርካታ ፋርማሲዎች ከ16 እስከ 64 ዓመት ለሆናቸው ሴቶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሰጣሉ። ነፍሰ ጡሮች ግን በዚህ አሠራር አልተካተቱም።

ይህ ሕክምና መንፈግ አይደለም። በእርግዝና ወቅት ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ሊዛመት፣ ያለ ጊዜው ለሚመጣ ምጥም ሊዳርግ ይችላል። በመሆኑም የሽንት ናሙና በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ የሚታዘዘውም የሦስት ሳይሆን የሰባት ቀን መድኃኒት ነው። ምርጫው በእርግዝናው ጊዜ ይወሰናል፤ ለምሳሌ ናይትሮፉራንቶይን መውለጃ ሲቃረብ አይመከርም።

አንቲባዮቲክን በቀጥታ ከፋርማሲ መግዛት በተለመደባት ኢትዮጵያ ላደጉ እናቶች ልዩነቱ ወሳኝ ነው። ፋርማሲው ሲመልሳቸው መንገዳቸው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ሐኪም ወይም ወደ አዋላጅ ነርስ ሊሆን ይገባል፤ ትኩሳትና የጎን ሕመም ካለ ደግሞ በዚያው ዕለት።